አየር ያልነካው ድንች ዘይት ውስጥ ለምን ይጠቁራል?

ጠያቂ (ከሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ምግብ ቤት በማብሰል ሥራ ላይ ነኝ። ከአሳ ጥብስ ጋር የምናቀርበው ቺፕስ ሰሞኑን አስቸግሮናል። የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁር ስለማውቅ፣ እንደከተፍኩት ወዲያው ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ሳወጣውም ነጭ ነው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን መሃሉ ሳይበስል ዳር ዳሩ እንደ ተቆላ ቡና ይጠቁራል፤ ሲቀመስም ይመራል። የምግብ ቤቷ ባለቤት «አየር አስነክተኸው ነው» ይሉኛል። ድንቹ እንዳይበላሽብን ሳምንት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ እናቆየዋለን። ጥሬው ላይ የሚታየውና ዘይት ውስጥ የሚመጣው ጥቁረት አንድ ናቸው? ኦክሲጅንስ በሁለቱም ድርሻ አለው?

መልስ 1፦
በቀለም ይመሳሰሉ እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ድንች ሲከተፍ ሴሎቹ ይፈርሱና ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በድንቹ ውስጥ ያሉትን ፌኖል የተባሉ ውህዶች በአየሩ ኦክሲጅን አማካይነት ወደ ጥቁር ቀለም ይወስዳቸዋል። በብርጭቆ የቆየ የአቮካዶ ጭማቂ ከላይ ብቻ የሚጠቁረው፣ ሎሚ ሲጨመቅበት ደግሞ የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አሲዱ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። እርስዎ ውኃ ውስጥ በመዘፍዘፍዎ ይህን በሚገባ ተከላክለዋል፤ በዚህ በኩል ባለቤቷ ተሳስተዋል።

ዘይት ውስጥ የሚሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሂደት ነው። እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ከአሚኖ አሲድ (ከፕሮቲን መገንቢያው) ጋር በሙቀት ይጣመራል፤ ከብዙ ደረጃዎች በኋላም ሜላኖይዲን የሚባሉ ቡናማ ውህዶች ይፈጠራሉ። ኢንዛይም የለበትም፣ ለመጀመርም ኦክሲጅን አይሻም፤ በታሸገ ጣሳ ውስጥ የሞቀ ወተት አየር ሳያገኘው ወደ ቡናማነት የሚያደላው ለዚህ ነው። የእርስዎ ችግር ማቀዝቀዣው ይመስለኛል። ድንች 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሰነብት ስታርቹን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይለውጣል፤ ስለዚህ ዘይት ውስጥ የሚገባው ስኳር የበዛበት ድንች ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ የውኃውን ነገር ግን ልጨምር። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የድንቹ ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከዚያ ብዙም አያልፍም። የማያር ሂደት የሚፋጠነው ደግሞ ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያቁላላ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ውኃው እስኪመጥ ድረስ ቀለም አያወጣም፣ ከመጠጠ በኋላ ግን ለአፍታ ዞር ካሉ ያራል። መጥቆሩን የጣዕም ጉዳይ ብቻ አድርገው አይዩት። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በተጠበሰ ድንች ውስጥ አክሪላማይድ የተባለ፣ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚጠረጠር ውህድ መኖሩን አሳውቀዋል፤ የሚፈጠረውም በድንች ውስጥ የሚገኘው አስፓራጂን የተባለ አሚኖ አሲድ ከስኳር ጋር ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቺፕሱ በጠቆረ መጠንም እየበዛ ይሄዳል። ወርቃማ ሲሆን ቢያወጡት ይሻላል።

መልስ 3፦
ኦክሲጅንን ፈጽሞ ከጨዋታው ማስወጣት ግን ልክ አይመስለኝም። ለመነሻው አያስፈልግም፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስኳሩና አሚኖ አሲዱ ከተጣመሩ በኋላ የሚገኙት ውህዶች ኦክሲጅን ሲያገኙ በሌላ አቅጣጫ ይሰባበራሉ። ዘይቱም አለ። ደጋግሞ የሞቀ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ አልዲሃይድ የተባሉ ውህዶችን ያወጣል፤ እነዚህም እንደ ስኳሩ ሁሉ ከአሚኖ አሲዶች ጋር ተጣምረው ያጠቁራሉ። ዘይታችሁ ስንት ቀን ሆነው?

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘይቱ በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ትናንት ከማቀዝቀዣው ያወጣሁትንና በጆንያ በጨለማ ያስቀመጥኩትን ድንች እኩል ከትፌ፣ በጨርቅ አድርቄ በአንድ አዲስ ዘይት ጠበስኳቸው። የጆንያው ወርቃማ ሆነ፤ የማቀዝቀዣው እንደ ልማዱ ጠቆረ። ሁለቱንም ጎን ለጎን በሳህን ሳቀርብላቸው ባለቤቷ ዝም አሉ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረውን ድንች አልጫ ሠራንበት፤ እዚያ ውኃው 94 ዲግሪ ላይ ስለሚይዘው አልጠቆረም፣ ትንሽ ጣፍጦ ነበር እንጂ።