የጠጠሩ ድምፅ አላስቀምጥ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ነው ያለሁት። የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ፤ በጣም ነው የምወዳት። ከአስፋልት ወጣ ስል ግን ጠጠሩ ከኋላ ጎማ እየተፈናጠረ ፓራፋንጎውን (የጎማውን መሸፈኛ ላሜራ) ከውስጥ ይደበድበዋል። ቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ባለፈው እናቴን ሶደሬ ስወስዳት መደማመጥ አቃተን።

ጎማውን ፈትቼ ፓራፋንጎውን ከውስጥ አየሁት። የስሩ ቅብ ተልጦ ላሜራው ራቁቱን ቀርቷል፤ በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ጠርዙም ዝገት ጀምሮታል።

አንድ ጋራዥ "ሬንጅ ቀባው" አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ሬንጅ በዚህ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ዝገት ላይ ከተቀባ ደግሞ እርጥበቱን ከስር አፍኖ ላሜራውን ይበላዋል። እንደ ጎማ የሚለጠጥ የስር ቅብ አዳማ ውስጥ የት አገኛለሁ? ወይስ ሞኬቱን አንስቼ ከውስጥ ድምፅ የሚያፍን ነገር ልለጥፍ? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።