ወረቀቱ ላይ «ኤ2፣ ኤል3፣ ቢ1» ይላል፤ ደረጃ ሦስት ማለት ነው?

ታናሽ እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው። ለወራት ሆዱን ሲቆርጠው፣ ሲያስቀምጠው፣ ሲከሳ ከርሞ በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ (በካሜራ ትልቁን አንጀት አይቶ ናሙና መውሰጃ) ታዘዘለት። መጀመሪያ ያየው ሐኪም «አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይመስለኛል» አለው። ኤምአርአይ ተነሥቶ የናሙናው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሐኪም «ክሮንስ ነው» አለችው። ወረቀቱ ላይ «ክሮንስ፣ ኤ2፣ ኤል3፣ ቢ1» ተብሎ ተጽፏል። እሱ 3 ቁጥርን ሲያይ «በቃ ደረጃ ሦስት ደርሶብኛል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ አለ። እንደ ካንሰር ደረጃ ነው እንዴ? ደግሞስ ሁለት ሐኪም ሁለት ስም ካወጣ ማንን እንመን?

ሰላም ነው
አይዞሽ እህቴ፣ ጭንቀት ነው። እኔም አይ ቢ ኤስ አለብህ ተብዬ ነበር፤ ሐሳብ ስቀንስ ተሻለኝ። ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ አታምኑ።

ከማይክሮስኮፕ ጀርባ
ከላይ ላለኸው ወንድሜ፦ አይ ቢ ኤስ እና አይ ቢ ዲ (ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ያሉበት የአንጀት ሕመም) በስም ይቀራረቡ እንጂ አንድ አይደሉም። በአይ ቢ ኤስ አንጀቱ ሲታይ ደህና ነው፤ የሚዛባው አሠራሩ ነው። በአይ ቢ ዲ ግን ግድግዳው ራሱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። የዚህን ልጅ ነገር በጭንቀት አናሳብበው።

እህቴ፣ ለወንድምሽ ቶሎ ንገሪው። ኤል3 ደረጃ አይደለም፤ ቦታ ነው።

እኔ ፓቶሎጂ ክፍል ነው የምሠራው። ከጥፍር ጫፍ ያነሱ የአንጀት ቁራጮች ሳይ ነው የምውለው። ሁለቱን ዋና ዋና የአይ ቢ ዲ ዓይነቶች ለመለየት መጀመሪያ የምንጠይቀው የት እንዳለና ምን ያህል እንደጠለቀ ነው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ አብዛኛውን ጊዜ ከፊንጢጣ ይነሣና መሐል ላይ ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል። ከትልቁ አንጀት አያልፍም፤ ቁጣቱም በውስጠኛው ስስ ሽፋን ላይ ይወሰናል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል። እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ቁስል፣ ቀጥሎ ደህና ቦታ፣ እንደገና ቁስል። ደግሞ የግድግዳውን ሙሉ ውፍረት ዘልቆ ይገባል። አንጀት የሚጠብበው፣ አንዳንዴም ተበስቶ ወደ ሌላ አካል ወይም ወደ ቆዳ መንገድ የሚከፍተው፣ ፊስቱላ የምንለው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ናሙናው ውስጥ ግራኑሎማ ካየሁ፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች ተጠጋግተው የሠሩት ትንሽ ክምር፣ ልቤ ወደ ክሮንስ ያዘነብላል። ግን ብዙ የክሮንስ ታማሚዎች ናሙና ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ መጥፋቱ ምንም አያረጋግጥም። መገኘቱም ብቻውን አይበቃም፤ የአንጀት ቲቢም ግራኑሎማ ይሠራል። ቲቢ አለመሆኑ በደንብ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ። ለክሮንስ የሚሰጡት መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ፤ ቲቢ ተደብቆ ካለ ጉድ ነው የሚፈላው።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። የሞንትሪያል ምደባ ይባላል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ኤ ሕመሙ ሲታወቅ የነበረው ዕድሜ ነው፦ እስከ 16 ዓመት ኤ1፣ ከ17 እስከ 40 ኤ2፣ ከዚያ በላይ ኤ3። ኤል1 የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ኤል2 ትልቁ አንጀት፣ ኤል3 ሁለቱም። ከዚያ ወደ ላይ፣ ጨጓራን ጨምሮ፣ ከተነካ ኤል4 ይታከልበታል። ቢ ጠባዩ ነው። ቢ1 አላጠበበም፣ አልበሳም። ቢ2 አጥብቧል። ቢ3 በስቷል። ፊንጢጣ አካባቢ ፊስቱላ ወይም መግል ካለ «ፒ» ይከተለዋል።

እኔ ብሆን ዓይኔን የምጥለው ቢ ላይ ነው። ቦታው እምብዛም አይለወጥም፤ ጠባዩ ግን በዓመታት ውስጥ ከቢ1 ወደ ቢ2 ወይም ቢ3 ሊሄድ ይችላል። ወንድምሽ ገና ቢ1 እያለ ነው የተደረሰበት፤ ይሄ ደግ ነገር ነው። የሚያጨስ ከሆነ ግን ያቁም። ሲጋራ ክሮንስን ያባብሰዋል።

ያልተመደበው
ስለ ሁለቱ ስም እኔ ልንገርሽ። እኔ እስካሁን ስም አልወጣልኝም። ፋይሌ ላይ «ያልተመደበ አይ ቢ ዲ» ነው የሚለው። ቁጣቱ ትልቁ አንጀት ላይ ብቻ ነው፤ መልኩ ግን ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ነው። መጀመሪያ በጣም ተናድጄ ነበር። ሐኪሜ ግን «ግድ የለም፣ ዝም ብዬ ስም ከምለጥፍብህ ጠብቄ ልይ» አለኝ። ቀዶ ጥገና ሲመጣ ነው ልዩነቱ የሚገባሽ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ከሆነ ትልቁን አንጀት አውጥተው ከትንሹ አንጀት ሰገራ የሚይዝ ከረጢት መሥራት የተለመደ ነው። ክሮንስ ከሆነ ግን ከረጢቱም ሊታመም ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሞች በቀላሉ አይሠሩትም።

ታናሽ እህት
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አነበብኩለት፤ ኤል3 ቦታ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ። ሲጋራው ላይ ሲደርስ ግን «እሱን ዝለይው» አለኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ታዲያ ምን አይቶ ነው አልሰሬቲቭ ያለው?

ከማይክሮስኮፕ ጀርባ
የኮሎኖስኮፒውን ወረቀት አውጪና «ተርሚናል ኢሊየም» የሚለውን ፈልጊ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው። እዚያ ካልገባ ያየው ትልቁን አንጀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አልሰሬቲቭ ሊመስለው ይችላል።

ታናሽ እህት
አገኘሁት። «በቁጣቱ ብዛት ወደ ተርሚናል ኢሊየም መግባት አልተቻለም» ይላል። ኤምአርአዩ ነው ትንሹ አንጀት ላይ ያለውን ያሳየው ማለት ነው። የቲቢውን ጥያቄ ለቀጠሮው ጽፌ ይዣለሁ፤ የሲጋራውንም ጨምሬበታለሁ፣ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።