«ሲግል ይሞታል» ላላችሁ

የቄራው ልጅ፦ ትናንት ሳይታሸግ ስለሚሸጠው ክፍት ዘይት ስናወራ አንዱ ምን አለ? «እሳት ላይ ሲግል ያለበት ሁሉ ይሞታል፣ አታካብዱ።» ስንቱ አጨበጨበለት! ዴልሂ ውስጥ በፈረንጆች 1998 ከ60 ሰው በላይ የሞተው ዘይቱን ጥሬውን ጠጥቶ ነው እንዴ? ሠርተውበት ነው የበሉት። የሰናፍጭ ዘይታቸው ውስጥ አርጌሞኔ ከሚባል እሾሃም አረም ዘር የወጣ ዘይት ገብቶበት ነበር።

ኑግ ወዳጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንዱ አትበለኝ። ጀርም ይሞታል ነው ያልኩት።

የቄራው ልጅ፦ «ያለበት ሁሉ» ነው ያልከው። ጽሑፍህ እዚያው አለ፣ ሄደህ አንብበው።

ላብ ነኝ፦ የአርጌሞኔው መርዝ፣ ሳንጉዊናሪን የሚሉት፣ ነፍስ የለውም እኮ የሚሞተው። ኬሚካል ነው፣ የቁሌት እሳት አይበግረውም። የሚያግደው የሴል ሽፋን ላይ ያለውን ኢንዛይም ነው፣ ያንን 3 ሶዲየም እያወጣ 2 ፖታሲየም የሚያስገባውን ፓምፕ። ትንንሾቹ የደም ስሮችም ይሰፉና ፈሳሽ ያሾልካሉ። ከዚያ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይደክማል፣ የዓይን ግፊት የሚጨምርበትም አለ።

ኑግ ወዳጅ፦ እሺ ዶክተር። ወዴት እንደምትሄዱ ገብቶኛል፣ የሰፈር መጭመቂያ ይዘጋ፣ ሁሉም የታሸገ ይግዛ። ህንድም ክፍቱን ሲከለክሉ ትንሹ ጨማቂ ነው የተመታው። የአኩሪ አተር ዘይት አስመጪዎች ሴራ ነው ያሉም ነበሩ፣ እዚያው አገር።

ላብ ነኝ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ። ይዘጋ ያለ ማነው? ይመርመር ነው ያልኩት። አርጌሞኔ ያለበት ዘይት ናይትሪክ አሲድ ሲገባበት ወደ ቀይ ብርቱካናማ ይቀየራል፣ ትልቅ ማሽን አይፈልግም። በጣም ጥቂት ከሆነ ግን ያመልጣል።

አስቱ፦ እናቴ ኑጓን ለቅማ ነው የምታስጨምቀው፣ እስከዛሬ ማንም አላበጠም። ያቺ ቢጫ አበባ ያላት እሾሃም አረም ከሆነች ደግሞ እኛም አገር ሞልታለች፣ ዘሯ ክብ ነው፣ ከኑግ ጋር ዓይን ያለው ሰው አያምታታውም።

የቄራው ልጅ፦ እናትሽማ ይኑሩልን። እኔ የምገዛውን ማን ለቀመልኝ?

አስቱ፦ ስለ እናቴ በዚህ ድምፅ አታውራ።

የቄራው ልጅ፦ ይኑሩልን አልኩ እኮ!! ምን ድምፅ?

ላብ ነኝ፦ ወደ ዘይቱ እንመለስ?

ኑግ ወዳጅ፦ እንመለስ። ጀርም ነው ያልኩት።