ዘይቱ ሲሞቅ ልኩን የሚስት የሃይድሮሊክ ሲኤንሲ ማሽን፦ ምክራችሁን እሻለሁ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ጠረጴዛው በሰርቮ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ምልክት እየታዘዘ የዘይቱን ፍሰት በሚቆጣጠር ቫልቭ) እና በሃይድሮሊክ ሞተር (በዘይት ግፊት በሚዞር ሞተር) የሚንቀሳቀስ የሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ የብረት መፈልፈያ (ሚሊንግ) ማሽን አለኝ። ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ እንቅስቃሴው ዘገምተኛ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን ዘይቱ ሞቆ ስለሚቀጥን፣ ጠረጴዛው በታዘዘበት ቦታ ረግቶ መቆሙን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይላል። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ባስጠጋበት መርፌው በ0.03 ሚሊሜትር ውስጥ ሲመላለስ ይታያል።

ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሬያለሁ። አሮጌውን ፊልትሮ ቀድጄ ስመለከት በእጥፋቶቹ መካከል ጥቁር የጎማ ብናኝና የሚያብረቀርቅ የነሐስ ቅንጣት አገኘሁ፤ በሰርቮ ቫልቩ ውስጥ ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ በመሆኑ ከዚሁ ብናኝ ከፊሉ አልፎ ገብቶ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። የቫልቩን ዜሮ ነጥብም (ትእዛዝ በሌለበት ዘይት ወደ ሞተሩ የማያሳልፍበትን ቦታ) ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ ባስተካክለው ሲሞቅ ተመልሶ ይዛባል። ፓምፑ ደግሞ ጠረጴዛው ቆሞ እንኳ ያለማቋረጥ ስለሚዞር፣ ኃይሉ ዘይቱን ከማሞቅ በቀር የሚፈይደው የለም፤ ስለ ጩኸቱማ ባልናገር ይሻላል።

ነሐሱ የፓምፑን ማለቅ ያመለክታል ወይስ የሞተሩን? ዜሮው መስተካከል ያለበት ዘይቱ የሥራ ሙቀቱን ከያዘ በኋላ ነው? ቫልቩን ማሳጠብና ማቀዝቀዣ መጨመር ይበቃል ወይስ የጠረጴዛውን ቦል ስክሩ (እየዞረ ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰውን ብሎን) እንዳለ ትቼ ሃይድሮሊኩን በኤሌክትሪክ ሰርቮ ሞተር ልተካው? ይህን ሥራ የሞከራችሁ ሰዎች፣ በተለይ የቀድሞው መቆጣጠሪያ ለቫልቩ የሚልከውን ምልክት ለአዲስ ድራይቭ (የኤሌክትሪክ ሞተሩን ለሚያሽከረክረው መሣሪያ) እንዴት እንዳስማማችሁት ብታብራሩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።