የቻይና መሳፍንትን የጣላቸው ጦር ነው ወይስ ውርስ?

ባለ ጥያቄው፦ የሃን ሥርወ መንግሥት ለዘመዶቹ መሬት ከነሕዝቡ እየሰጠ በየግዛቱ አነገሣቸው። መቶ ዓመት ሳይሞላ ኃይላቸው ተሟጦ ስም ብቻ ቀራቸው። ምን ጣላቸው ትላላችሁ?

ታሪክ ወዳድ፦ ጦር ነዋ! ዉ በተባለው ግዛት የነገሠውን ሊዩ ፒን እዩት። መዳብ አስቆፍሮ ገንዘብ ይሠራል፣ የባሕር ውኃ አፍልቶ ጨው ያወጣል። ሀብቱ ከመብዛቱ የተነሣ ሕዝቡን የነፍስ ወከፍ ግብር አያስከፍልም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በአዋጅ ታንበረክከዋለህ? አማካሪው ቻዎ ጽዎ "መሬታቸው ይቀነስ" ብሎ ሲያስወስን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ154 ሰባት ነገሥታት አመፁ። ንጉሠ ነገሥቱ እነሱን ለማብረድ ቻዎን አስገደለው፤ ከንቱ ሆነ። በመጨረሻ ጄኔራል ዦው ያፉ ስንቃቸውን ቆርጦ በሦስት ወር አለቀላቸው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ጦርነቱ ሰዎቹን ጣለ እንጂ ሥርዓቱን አልነቀለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ127 የወጣውን የንጉሠ ነገሥት ዉ አዋጅ ተመልከት። ቀድሞ ግዛቱን የሚወርሰው አንድ ልጅ ነበር። አዋጁ ለሌሎቹም ወንዶች ልጆች እንዲያካፍሉ ፈቀደ። ተቆርሶ የወጣው መሬት ደግሞ በማዕከላዊው መንግሥት አውራጃ ሥር ይገባል። ታናናሾቹ ምን ብለው ይቃወማሉ? ከአባታቸው ግዛት ላይ ተቆርሶ ሲሰጣቸው ንጉሠ ነገሥቱ ባለውለታቸው ሆነ እኮ! ጦር ሳይዘምት ግዛቱ በየትውልዱ ተሸነሸነ። እንዲህ ያለ ብልሃት ብዙ አላየሁም።

ታሪክ ወዳድ፦ መሸንሸኑ ቀድሞም ተሞክሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ንጉሠ ነገሥት ወን ቺ የተባለውን ግዛት ለስድስት ወንድማማቾች አከፋፈለ። ከስድስቱ አራቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአመፀኞቹ ጋር ተሰለፉ። አዋጁ የሠራው ጦራቸው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም ሃን ላይ ቆማችኋል። ነገሩ እኮ ተመልሶ መጥቷል። ከሃን በኋላ የመጣው የጂን ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ለዘመዶቻቸው ግዛትም ጦርም ሰጡ፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ291 እስከ 306 መሳፍንቱ እርስ በርስ ተላለቁ። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዡ ዩዋንዣንግም ልጆቹን ከነጦራቸው ሰሜን ድንበር ላይ አስቀመጠ። እሱ ሲሞት ልጁ ዡ ዲ በገዛ ወንድሙ ልጅ ላይ ተነሥቶ በ1402 ዙፋኑን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ መሳፍንቱ ጦራቸውን ተነጥቀው በቀለብ ይኖሩ ጀመር። በ1562 አንድ ሹም ሒሳቡን አቀረበ፦ ለዋና ከተማው በዓመት የሚገባው እህል 4 ሚሊዮን ዳን (የእህል መስፈሪያ)፣ የመሳፍንቱ ቀለብ ግን 8.53 ሚሊዮን!

የሕግ ተማሪዋ፦ አየህ፣ ሚንግ የቀማው ጦሩን ብቻ ነው። የሃን አዋጅ ግን የሚወረሰውን ራሱን አሳነሰው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።