ፔዳ አካባቢ፣ ከአስፋልት ገባ ያለች የቡና ሱቅ በትንሽ ብር እንዴት ትታወቅ?

ባለጀበናዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ የዘጌ ቡና ቆልቼ የምሸጥባት፣ በጀበናም የማቀርብባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከዋናው አስፋልት 40 ሜትር ያህል በኮብልስቶኑ ገባ ትላለች። 6 በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ መፍጫ፤ ይኸው ነው ዕቃው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ደህና ነው፤ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ጭር ይላል። ሲኒው 25 ብር ነው፤ የተቆላው በ250 ግራምና በግማሽ ኪሎ ታሽጎ ይሸጣል። ለማስተዋወቂያ በወር ከ3000 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። 1000 በራሪ ወረቀት ላሳትም ወይስ ቲክቶክ ላይ ተከታይ ላለው ሰው ልክፈል? ሌላ ዘዴ ካለም በዝርዝር ንገሩኝ። «ጥራቱ ላይ በርቺ» የሚለውን ግን ሰምቼዋለሁ።

ታፔላ ጻፊ፦

ሁለቱንም ተይው እህቴ። በራሪ ወረቀት የሚጠቅመው ነገሩ የአንድ ቀን ሲሆን ነው፤ ባዛር ወይም የመክፈቻ ዕለት። ለሱቅ ሲሆን ተቀባዩ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ይጥለዋል፤ ስምሽም ከቆሻሻው ጋር መሬት ላይ ይውላል። የቲክቶኩ ተመልካች ደግሞ አዲስ አበባና ዱባይ ሆኖ ልብ ይልክልሻል እንጂ በርጩማሽ ላይ አይቀመጥም።

አንቺ ዘንድ ብር የማይከፈልበት ማስታወቂያ አለ፤ ሽታው። ብዙ ሱቅ የቀኑን ቡና ማለዳ በአንድ ጊዜ ቆልቶ ስለሚጨርስ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት ሽታው አልቆ ይቀራል። አንቺ የቀኑን፣ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ቢሆን፣ በ4 ክፈይና 250 ግራም 250 ግራም ቁዪ፦ 1፡45 (ሠራተኛ ወደ ቢሮ ሲሄድ)፣ 5፡45፣ 9፡30፣ ከዚያ 11፡15። ቀን ቀን ነፋሱ ከጣና ወደ መሬት ይመጣል፤ ማታ ይገለበጣል። ግንብና አጥር ግን ያዞረዋልና በግምት አትሂጂ። በእነዚያ ሰዓቶች ትንሽ ዕጣን አጭሺና ጭሱ ወደ አስፋልቱ የሚያዘነብልበትን ቦታ ፈልገሽ ምጣዱን እዚያ አኑሪ። ሰው የሚያቆመው ሽታ ፍሬው መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ቡናው ያርራል፣ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል፤ ጎረቤት የሚቆጣውም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ታፔላ ነው። ገባ ላለ ሱቅ የሚያስፈልገው ስም ሳይሆን አቅጣጫ ነው፦ «የዘጌ ቡና፣ 40 ሜትር ገባ ብሎ» ከቀስት ጋር። ከዚህ በላይ ቃል አትጨምሪ። የፊደል ቁመት በርቀት ይሰላል፤ ለ3 ሜትር 2.5 ሴንቲ ሜትር። አላፊው 15 ሜትር ማዶ ከሆነ 12.5 ይሆናል። የእኛ ፊደል በትንሽ ቅጥያ ስለሚለያይ (ሰ እና ሸ፣ ጠ እና ጨ ከሩቅ መንትያ ናቸው) ወደ 15 ብታሳድጊው ይሻላል። ቀይ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይገረጣል፤ በነጭ ላይ ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ይቆያል። ባነር ከሆነ በሲባጎ ወጥረሽ አትሰሪው፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ጠርዙ ይተረተራል። አራቱን ማዕዘን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ እሰሪው፤ ጎማው ይለጠጣል፣ ይመለሳል።

ከማቆምሽ በፊት ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ውሰጂ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የውጭ ማስታወቂያን ይመለከታል፤ ያለ ፈቃድ የቆመ ይነሣል፣ ወጪውም ይቀልጣል። ዘንባባዎቹ ላይ ሚስማር መምታትን ደግሞ አታስቢው፤ የከተማዋ ጌጥ ላይ የተቸነከረ ማስታወቂያ ያስጠላል እንጂ አይሸጥም።

ትንሽ ብር ከተረፈሽ ባጃጅ ውስጥ ስቲከር አስለጥፊ፤ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ከሾፌሩ ጀርባ በተሳፋሪው ዓይን ትክክል። ውጭ ላይ የተለጠፈ በአቧራና በእጥበት ይላጣል፤ ከፊት መስታወት ላይ ደግሞ እይታ ይጋርዳል።

ደብተር ያዥ፦

ስለ ሽታውና ስለ ታፔላው እስማማለሁ። በባጃጁ ግን አልስማማም። ባጃጅ ከተማውን ሁሉ ይዞራል፤ አንቺ የምትፈልጊው በእግሩ 10 ደቂቃ ውስጥ ያለውን ሰው ነው። የግድ ካልሽ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) በር ላይ ተራ የሚይዙትን 5 ባጃጆች ብቻ ምረጪ፤ ክፍያው በብር ሳይሆን በቀን አንድ ሲኒ ይሁን። ሾፌሩ ለቡናው ሲመጣ ስቲከሩ መኖሩንም ታያለሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ግዢ። አዲስ ፊት ስታዪ «እንዴት አገኙን?» ብለሽ ጠይቂና በ5 ዓምድ አንድ አንድ ሰረዝ አስምሪ፦ ሽታ፣ ታፔላ፣ ሰው ነግሮኝ፣ ቴሌግራም፣ ሌላ። ከ4 ሳምንት በኋላ ጥቂት ሰረዝ ያለውን ትተሽ ብሩን ብዙ ወዳለው አዙሪ። «ሌላ» የሚለው ከበዛ እየጠየቅሽ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ስልክ። ሰው ቴሌብር ሲከፍል ስልኩ በእጁ ነው፤ ካሜራውም ተከፍቷል። ከመክፈያው ኪውአር አጠገብ የቴሌግራም ቻናልሽን ኪውአር አኑሪ። ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲመሳሰሉ ነው፤ ደንበኛው ለመክፈል ፈልጎ ቻናል ይከፍታል፣ ወረፋው ይቆማል። አንዱን ሰማያዊ ክፈፍ፣ ሌላውን አረንጓዴ አድርጊና «ለመክፈል»፣ «ለወሬ» ብለሽ ጻፊበት። ሌላ ሰው በመክፈያሽ ላይ የራሱን ኮድ ደርቦ ሊለጥፍ ስለሚችል በየጠዋቱ ራስሽ አንድ ጊዜ ስካን አድርገሽ ስሙን አረጋግጪ።

ቻናል ክፈቺ እንጂ ግሩፕ አትክፈቺ፤ ግሩፕ ውስጥ የማታውቂው ሰው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ይደረድርበታል። በሳምንት 3 መልእክት ይበቃል። ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና የቦታ ምልክት ያለበትን አንዱን ከላይ ፒን አድርጊው።

ጉግል ማፕ ላይ ሱቅሽን መዝግቢ፤ ነጻ ነው። ስሙን በአማርኛም በላቲንም ጻፊ፤ ፈላጊው በሁለቱም ይጽፋል። ምልክቱን በሩ ላይ ትከዪ፤ አስፋልቱ ላይ ከተውሽው ሰው 40 ሜትር ቀርቶት ይመለሳል። እዚህ ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው በሰዓት ነው፦ «ከ2 እስከ 1» ብለሽ በእኛ አቆጣጠር ከሞላሽው ማፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምትከፍቺ ያደርግሻል። ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት 8፡00፣ ማታ 1 ሰዓት ለማለት 19፡00 ሙዪ። ማረጋገጫ ቪዲዮ ከጠየቀሽ ከመንገዱ ጀምረሽ ታፔላውን፣ በሩን፣ የውስጡን ዕቃ ሳታቋርጪ ቅረጪ፤ ታፔላ ሳይኖር ብትሞክሪው ሊመልሱብሽ ይችላሉ።

ጭር ለሚለው ሰዓት በየሲኒው ማኅተም የሚመታበት የደንበኛ ካርድ ይሠራል። ከአንድ ኤ4 ጠንካራ ወረቀት 9 በ5.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ 10 ካርድ ይወጣል፤ 20 ወረቀት 200 ካርድ ነው። 12 ሳጥን አድርጊና 2ቱን አስቀድመሽ ምቺ፤ ባዶ ካርድ የያዘ ይረሳዋል፣ የተጀመረ ካርድ ግን ይጎትተዋል። ሲሞላ አንድ ሲኒ ነጻ። በሌላ ሰዓት ለአንድ ሲኒ 1 ማኅተም፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት 2 ማኅተም። በጭርታው ብቻ የሚመጣ ሰው 5 ሲኒ ከፍሎ (125 ብር) 6ኛውን ያገኛል፤ ከ100 ብር 17 ብር ያህል ቅናሽ መሆኑ ነው። ይህን ያህል መስጠት የሚቻለው በርጩማው ባዶ በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው። በእስክሪብቶ አትፈርሚ፤ ቅርጹ የተለየ ትንሽ ማኅተም አስቀርጪ፣ ሌሊት ይዘሽው ሂጂ።

የታሸገው ላይ ግን ዋጋ አትቀንሺ። ከ100 ብር 20 የምታተርፊ ከሆነ 10 ብር ስትቀንሺ ትርፍሽ በግማሽ ወረደ፤ ያንኑ ትርፍ ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለብሽ። ሰው ደግሞ የቅናሹን ዋጋ ለምዶ በእውነተኛው ይነጫነጫል።

ከወደቡ፦

ለእህታችን አንድ ልጨምር፤ የምትሸጡት «ምርጥ ቡና» አይደለም፣ ዘጌ ነው። «ምርጥ» ሁሉም ይላል። ዘጌ በሞፈር ቀንበር የማይታረስ፣ ቡናው በጫካ ጥላ ሥር የሚያድግ ምድር ነው፤ ትውፊቱም ቡናውን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ማሸጊያው ላይ «በሬ ከማያርሰው ምድር» ብላችሁ ብትጽፉ ገዢው ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ወሬው ተጀመረ። ከሥሩ የተቆላበትን ቀን በእጅ ጻፉበት። አንድ ጥንቃቄ፦ ከሌላ አካባቢ ቡና ጋር ደባልቃችሁ «ዘጌ» ብላችሁ አትጻፉ። አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ክልክል ነው፤ ከአዋጁ በፊት ደግሞ ዘጌዎቹ ራሳቸው ቀምሰው ያውቁታል።

ዘጌ ላይ ወዳለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በጀልባ የሚሄድ እንግዳ ቡናውን እዚያው ከገበሬው ሊገዛ ስለሚችል እሱን አትከተሉት። የእናንተ ገዢ ገዳማቱን ሳያይ የሚመለሰው ነው፤ ለስብሰባ፣ ለሠርግ፣ ለምረቃ መጥቶ ስጦታ ይዞ መግባት የሚፈልግ። እሱ የሚያድረው በየፔንሲዮኑ ነው። 4 ፔንሲዮን ምረጡና እያንዳንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ 6 ባለ 250 ግራም እሽግ አስቀምጡ። ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፦ ከተሸጠው ከ100 ብር 10 ብር ለእንግዳ ተቀባዩ፣ ቆጠራ በየሰኞው፣ 3 ሳምንት የቆየ እሽግ ይመለሳል። የመጨረሻውን ካላደረጋችሁ ሽታው የሄደ ቡና በስማችሁ ይሸጣል። ለአስጎብኚም ለባጃጅም ኮሚሽን የሚከፈለው በሽያጭ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም፤ በጭንቅላት ከከፈላችሁ የማይገዛ ሰው ይጎርፍላችኋል።

ባለጀበናዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ናሙና ብሰጥስ? ምን ያህል ግራም? ባለፈው አሽጌ ያስቀመጥኩት ላስቲክ ደግሞ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ተበላሽቶ ነው?

ደብተር ያዥ፦

አልተበላሸም። ቡና ከተቆላ በኋላ ጋዝ ያወጣል፤ ትኩሱን አፉን ጥርቅም አድርገሽ ካሸግሽው ይነፋል። በክዳን ዕቃ ሳታጠብቂ አሳድሪውና በማግስቱ አሽጊ። ናሙናው ሳይፈጭ 30 ግራም ይሁን፤ ለ4 ሲኒ የሚሆን አንድ ጀበና ይወጣዋል። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ800 እስከ 850 ግራም ስለሚሆን 27 ያህል ከረጢት ታገኛለሽ። ለአላፊ አግዳሚ አትበትኚው። ግማሽ ኪሎ ለሚገዛ ሰው «ይኼ ለጎረቤት» ብለሽ አንድ ስጪው፤ ከእሱ እጅ ሲሄድ ምስክርነቱም አብሮ ይሄዳል። ፈጭተሽ ግን አታዘጋጂ፤ የተፈጨ በጥቂት ቀን ሽታውን ይጥላል፣ ናሙናው በተቃራኒው ይመሰክርብሻል።

የሰፈር ሰው፦

ማኅበሩን ረሳችሁት እኮ። በወር 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፤ ጽዋ የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ቡና ይገዛል። የቴሌግራሙ መልእክት ከ2 ቀን በፊት ይውጣ፤ በዕለቱ ከሆነ ተገዝቶ አልቋል። «ለማኅበር ግማሽ ኪሎ፣ በሳይክል ቤት ድረስ» በይ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ አንድ ሳይክል ያለው ልጅ ይበቃል።

ዕድርም አለ። ለዕድሩ ዳኛና ለዕቃ ገዢው ስልክሽን ስጪ፤ ሐዘን ቤት ቡና የሚፈለገው ድንገት፣ አንዳንዴም በምሽት ነው። እዚያ የሚሄደውን ግን ስም በሌለው ከረጢት ላኪ። ለቅሶ ቤት ላይ ማስታወቂያ ያየ ሰው ይታዘብሻል።

በዐቢይ ጾም ደግሞ የሰዓቱ ነገር ይለወጣል። አጥባቂው እስከ 9 ሰዓት ስለማይቀምስ የጠዋቱ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ በ1፡45 መቁላቱን ትተሽ ወደ 9 ሰዓት ተኩሉ ደርቢው። በረመዳን ለሚጾሙት ደግሞ ከማፍጠሪያ በኋላ ክፍት መሆን ያስፈልጋል።

ባለጀበናዋ፦

ገባኝ። 3000ውን በምን ልጀምር?

ታፔላ ጻፊ፦

መጀመሪያ ፈቃዱና ታፔላው፣ ቀጥሎ ማኅተሙና 200 ካርዱ፤ የተረፈው ለናሙናው ጥሬ ቡና። ሽታው፣ ደብተሩ፣ ማፑና ቻናሉ ይህ ነው የሚባል ወጪ ስለሌላቸው ነገ ጀምሪያቸው። የፔንሲዮኑን ለሁለተኛው ወር አቆዪው፤ 24 እሽግ ከእጅሽ ወጥቶ ብሩ እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳልና ለጥሬ ቡና የሚሆን ብር እንዳያጥርሽ።