ጣራው ተዘግቶ «ተከፍቷል» የሚል ካምፐር

ከሽቱትጋርት፦

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄዬ ስለ መኖሪያ ወረቀትም ስለ ቤት ኪራይም አይደለም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አምና ከባለቤቴ ጋር ያረጀ ካምፐር ገዛን። የ1990ዎቹ ዲዝል ቫን ነው። ጣራው ከፊት በኩል ወደ ላይ ይነሣል፣ ዙሪያው ሸራ ነው፣ ልጆቹ እዚያ ላይ ይተኛሉ። ለአምስት ሰው ሆቴል ስንት እንደሚያስወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጣራው ሲነሣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ሞተር ከተነሣ ደግሞ ጢጥ ጢጥ ይላል። ጣራው ሳይዘጋ እንዳንነዳ ማስጠንቀቂያ ነው። አሁን ግን ጣራው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶም ይጮኻል። ደህና መንገድ ላይ ዝም ይልና ጉድጓድ ሲያገኝ ይጀምራል። ኡልም እስክንደርስ ትንሹ ልጄ ድምፁን ተከትሎ እያጨበጨበ ነበር።

ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው በቅጡ እንኳን ሳያየው «ዕቃው አይገኝም፣ ሙሉ መስመሩ ይቀየራል፣ ከ400 ዩሮ አያንስም» አለኝ። የጰንጠቆስጤ እረፍት ደርሷል። እኛ ጋ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ይዘጋል፣ ቦደንዜ ሐይቅ ዳር ቦታ ይዘናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከፍራንክፈርት፦

እህቴ፣ ሽቦውን ቁረጪና ተገላገይ። እኔ የወንበር ቀበቶውን ጩኸት እንደዚያ ነው ያስቆምኩት። ጣራ መከፈቱ በዓይን አይታይም እንዴ?

ከኮሎኝ፦

የፍራንክፈርቱ ወንድሜ፣ ይሄማ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የኔ ልጅ፣ እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቮልስ ስፈታ ስገጥም ነው ያደግኩት። እዚህም ጡረታ እስክወጣ ከመኪና አልራቅኩም። ከመቁረጥሽ በፊት ስሚኝ።

ድሮ በተሠሩት ላይ የጣራውን መብራት የሚያበራው ስዊች ብዙ ጊዜ የበር መብራት ስዊች ዓይነት ነው። በር ስትከፍቺ ብቅ የምትል፣ ስትዘጊ የምትጫን ትንሽ ጫፍ አለች አይደል? እሷ ናት። ጣራው ወርዶ ሲጫናት መስመሩ ይቋረጣል፣ መብራቱ ይጠፋል። ጣራው ሲነሣ ብቅ ትልና ሽቦውን ከማሳ፣ ማለት ከመኪናው ቦዲ ጋር ታገናኛለች፣ መብራቱ ይበራል። ሌላ ተአምር የለውም። ተዘግቶ ከጮኸ እንግዲህ ወይ ስዊቹ ውስጡ ተጣብቋል፣ ወይ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ነክቷል፣ ወይ ጣራው ጫፏን በደንብ አልተጫናትም። ጉድጓድ ላይ ነው የሚጀምረው ስትዪ ሦስተኛውን ጠረጠርኩ፣ ግን መገመት ሥራ አይደለም።

ጣራውን አንሺው። ቁልፉን ክፈቺ፣ ሞተር አታስነሺ። መብራቱ በርቷል። አሁን ሽቦውን ከስዊቹ ላይ ንቀይው። ከጠፋ ሽቦው ደህና ነው። ካልጠፋ መንገድ ላይ ተልጧል፣ ጣራው በሚታጠፍበት በኩል እየነካካሽ ፈልጊው።

ቀጥሎ ቁልፉን ዝጊና ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ያዢ። ባውማርክት፣ የቤት መጠገኛ ዕቃ መደብር ከ20 ዩሮ በታች ታገኛለሽ። ሲገናኝ ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጊው፣ አንዱን ጫፍ ሽቦው ከወጣበት ከስዊቹ ብረት፣ ሌላውን ቀለም ከሌለው ቦዲ ጋር አስነኪ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ መጮህ አለበት። በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ዝም ማለት አለበት። ተጭነሽውም ከጮኸ ስዊቹ አልቆለታል። እንዲህ ያለ ስዊች ውድ አይደለም፣ የግድ የዚያው መኪና ካልሆነ አትበዪ፣ ልኩ ይግጠም እንጂ።

የሽቦ ቀለም ያደናግራል። ጀርመን መኪና ላይ ቡናማው ማሳ ነው። የሽቦ ንድፉን ካገኘሽ በላዩ ከሚጻፉት ቁጥሮች 31 ማሳ፣ 15 በቁልፍ የሚከፈት፣ 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው። 30ውን ከቦዲ ጋር እንዳታስነኪ፣ ፍዩዝ ወይም ሽቦውን ራሱን ታቃጥያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ። እንዲህ ያለ መስመር ሽቦው ቢበጠስ አይጮኽም። ጣራው ተከፍቶም አይጮኽም። አንቺ የሚጮኸው አስጨንቆሽ መጣሽ፣ እኔ የምፈራው ዝም የሚለውን ነው። ሽቦውን መቁረጥ ማለት ደግሞ ያንኑ በገዛ እጅ ማድረግ ነው።

ከለንደን፦

ጋሼ፣ የኔ ከጃፓን የመጣ ማዝዳ ቦንጎ ነው። ጣራው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚነሣው። ይሄ ለኔም ይሠራል?

ከኮሎኝ፦

አይሠራም ልጄ። ጣራውን ራሱ ሞተር የሚያነሣው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ስዊች ሲነካካ ጣራው እጅ ላይ ሊወርድ ይችላል። ፎልክስቫገን ካሊፎርኒያም ከቲ5 ጀምሮ በሃይድሮሊክ የሚነሣ ጣራ ያለው ሞዴል አለው። እዚያ ኮምፒውተር አስገብቶ የሚያነብ ሰው ፈልግ። እኔ ያልኩት በእጅ ለሚነሣው ነው። በእጅ ከሚነሡትም ተገልብጦ የሚሠራ አለ፣ ስትጫነው የሚገናኝ። ቴስተር ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከሙኒክ፦

ፍራንክፈርት ላለኸው፣ ከሾፌር ወንበር ሆኖ ጣራ አይታይም ወንድሜ። እኛ አንድ ጊዜ ከካምፕ ቦታ በጠዋት ስንወጣ ከሁለቱ መቆለፊያ አንዱ ብቻ ነበር የያዘው። አውቶባን ላይ 90 ስንደርስ ነፋሱ ገባበት። ሸራው እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀስ እያለ ቀንሶ ዳር እስኪይዝ እኔ ሁለት እጄን ጣራው ላይ ሰቅዬ ነበር፣ እንደምይዘው ሁሉ! የኛ መኪና ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለውም።

ከፍራንክፈርት፦

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ።

ከሽቱትጋርት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሌሊት ተረኛ ወጥቼ ሳልተኛ ሞከርኩት። ሽቦውን ነቀልኩ፣ መብራቱ ጠፋ። በቴስተሩ አየሁት። በጣቴ ስጫን ዝም፣ ስለቅ ጩኸት። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት፣ አንዴም አልሳተም። ሽቦውም ደህና፣ ስዊቹም ደህና። ታዲያ ማነው የሚዋሸው?

ከኮሎኝ፦

ጎበዝ! ማንም አልዋሸም፣ ጣራው እየተጫናት አይደለም። ከላይ በኩል ጫፏ ላይ የሚያርፍ ጎማ ወይም ብረት አለ። ጫፏን ጠመኔ ወይም የሚቀባ ነገር ቀቢያት፣ ጣራውን ዝጊ፣ ቆልፊ፣ መልሰሽ ክፈቺ። የት እንዳረፈች ምልክቱ ይነግርሻል። ከመዝጋትሽ በፊት ሸራው በመሐል እንዳልተቆነጠጠ እዪ፣ አንዳንዴ ሰበቡ አንድ እጥፋት ሸራ ነው።

ከሽቱትጋርት፦

ጠመኔ አላገኘሁም፣ ሊፕስቲክ ቀባኋት። ባሌ «ለመኪናዋ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሸራው ንጹሕ ነበር። ጣራውን ስንከፍት ግን ጎማው ላይ ሳንቲም የምታህል ቀይ ክብ አለች፣ መሐሏ ባዶ። ጣቴን አስገባሁበት። ጎማው ከዕድሜ ብዛት ጎድጉዷል። ያቺ ጫፍ ስንት ዓመት እዚያችው ቦታ እያረፈች ለራሷ ጉድጓድ ቆፍራለች። ጣራው ሲዘጋ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች፣ የምትጫነው ለትንሽ ነው። መኪናው ሲነቀነቅ ትለቃለች።

ከኮሎኝ፦

አገኘሽው። ስዊቹን አጣምመሽ ከፍ ለማድረግ እንዳትሞክሪ፣ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ይሰበራል። ጉድጓዱን ድፈኚው። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቁረጪና በጎማ ማጣበቂያ ለጥፊ። ሁለት ሚሊ ሜትር ይበቃል። ካበዛሽው ጣራው አይቆለፍም፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ከማጣበቅሽ በፊት ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጊው። ሽቦውን ከነቀልሽው አይቀር፣ ስዊቹ አረንጓዴ ዝገት ካለው በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ እጠቢው። ዘይት አትቀቢው፣ አቧራ ይሰበስባል።

ከሽቱትጋርት፦

ሠራሁት። የትልቁ ልጄ ብስክሌት ካላማዳሪያ ተቀዶ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ድርብ አድርጌ ለጠፍኩ፣ ሌሊቱን አሳደርኩት። ዛሬ ጣራው ሲነሣ ይበራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። ሁለቱም መቆለፊያዎች እንደ ድሮው ይይዛሉ። ሰፈራችን ውስጥ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ እሱ ላይ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጎረቤቴ በመስኮት ወጥታ እስክታየኝ ድረስ። ዝም ነው።

ወጪው ቴስተሩና አንድ ቱቦ ማጣበቂያ ነው። እዚያ ጋራዥ ግን ተመልሼ ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ፣ ፍሪጁ ደግሞ በባትሪ ይሠራል፣ በጋዝ ግን አልነሣ ብሎኛል። ዓርብ ነው የምንወጣው። አሉ?